ከፍርድ በፊት ቆጠራ ይቅደም

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ በሠርግ ዳስ ውስጥ ሽማግሌዎች ተነሥተው ሙሽሮችን ሲመርቁ ከሁሉ ጎልቶ የሚሰማው «ውለዱ፣ ክበዱ» የሚለው ቃል ነው። ምርቃቱ መልካም ነው፤ እኛም አሜን ብለን የምንቀበለው ነው። ይሁን እንጂ ዓመት ዞሮ ከጎጆው የሕፃን ድምፅ ካልተሰማ ያው ምርቃት ወደ ጥያቄ፣ ጥያቄው ወደ ሐሜት፣ ሐሜቱም ወደ ፍርድ ይለወጣል። ፍርዱ የሚያርፈውም በአብዛኛው በአንደኛው ወገን ላይ ነው። «መካን ናት» ይባልና ሴቲቱ ወደ ወላጆቿ ቤት ትሸኛለች፤ ወይም ባሏ ሌላ ሲያገባ ዳር ቆማ ትመለከታለች።

ውድ አንባብያን፣ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ፍርድ በሁለት ስሕተቶች ላይ የቆመ መሆኑን ማሳየት ነው። አንደኛው ስሕተት የሒሳብ ነው፤ «ዓመት ሙሉ ሞክረው አጡ» የሚባሉት ባልና ሚስት በእርግጥ ስንት ጊዜ የመፀነስ ዕድል እንደ ነበራቸው የቆጠረ የለም። ሁለተኛው ስሕተት የምርመራ ነው፤ ከሁለት ሰዎች በሚገኝ ነገር ላይ አንዷ ብቻ ተመርምራ፣ ብዙውን ጊዜም ማንም ሳይመረመር፣ ብይን ይሰጣል። ሁለቱንም ለማረም የሚያስፈልገው ዕውቀት በሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መጽሐፍ ውስጥ ካለው እምብዛም አይርቅም። ስለዚህ ኀላፊነቱ በቅድሚያ የተማርነው የእኛ ነው ብለን እናምናለን።

የአንድ ቀን እንግዳ

የሰው ልጅ ስለ መፀነስ ያወቀው ቀስ በቀስ ነው። ሆላንዳዊው አንቶኒ ፋን ሊውዌንሁክ የወንድን ዘር ሕዋስ በማይክሮስኮፕ የተመለከተው እ.ኤ.አ. በ1677 ነበር። የአጥቢ እንስሳትን ዕንቁላል ግን ካርል ኤርንስት ፎን ቤር ያየው ከዚያ 150 ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1827 ነው። ዕንቁላሉ በወሩ ውስጥ መቼ እንደሚወጣ ለማወቅ ደግሞ ሌላ መቶ ዓመት ያህል ፈጀ። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ጃፓናዊው ሐኪም ኪዩሳኩ ኦጊኖና ኦስትሪያዊው ሄርማን ክናውስ በየፊናቸው ባደረጉት ምርምር፣ የዕንቁላል መውጫ ቀን መቆጠር ያለበት ካለፈው የወር አበባ ወደ ፊት ሳይሆን ከሚመጣው የወር አበባ ወደ ኋላ ሁለት ሳምንት ያህል መሆኑን አሳዩ።

ዛሬ የምናውቀውን በአጭሩ እንግለጽ። በእያንዳንዱ ዑደት ከሁለቱ እንቁልጢዎች በአንደኛው ውስጥ የበሰለ አንድ ዕንቁላል ይወጣና ወደ ማሕፀን ቱቦ ይገባል። ዕንቁላሉ ከወጣ በኋላ ለመፀነስ ብቁ ሆኖ የሚቆየው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ብቻ ነው። የወንድ ዘር ሕዋስ በአንጻሩ በሴቷ አካል ውስጥ ምቹ ፈሳሽ ካገኘ እስከ አምስት ቀን ሊቆይ ይችላል። ዕንቁላሉን በአንድ ቀን እንግዳ ብንመስለው፣ እንግዳው ከመድረሱ በፊት ደጅ ላይ የሚጠብቀው ተቀባይ ያገኘዋል፤ እንግዳው ከሄደ በኋላ የሚመጣ ግን ባዶ ቤት ይጠብቀዋል።

አለን ዊልኮክስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት ጥናት በአሜሪካ ልጅ ለመውለድ የፈለጉ 221 ሴቶችን በ625 የወር አበባ ዑደቶች ተከታትለው ነበር። ውጤቱ ግልጽ ነው፤ ፅንስ የተገኘው ዕንቁላሉ በሚወጣበት ቀንና ከዚያ በፊት ባሉት አምስት ቀናት፣ በድምሩ በስድስት ቀናት ውስጥ በተደረገ ግንኙነት ብቻ ነበር። ከስድስቱ በመጀመሪያው ቀን ዕድሉ ከመቶ 10 ያህል ሲሆን፣ ዕንቁላሉ በሚወጣበት ቀን ከመቶ 33 ያህል ደርሷል። በማግሥቱ ግን በሩ ተዘግቷል።

ይህን ወደ ቀን መቁጠሪያ እንመልሰው። ዑደት የምንለው የወር አበባ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ እስከ ቀጣዩ የወር አበባ ዋዜማ ያለውን ጊዜ ነው። ዑደቷ 28 ቀን የሆነ ሴት ዕንቁላሏ በ14ኛው ቀን አካባቢ ይወጣል፤ ለም ቀኖቿም ከ9ኛው እስከ 14ኛው ናቸው። ዑደቷ 24 ቀን ከሆነ ከ5ኛው እስከ 10ኛው፣ 35 ቀን ከሆነ ደግሞ ከ16ኛው እስከ 21ኛው ይሆናሉ። «የወር አበባ እንዳበቃ ያሉት ቀናት ለሁሉም ሴት የተሻሉ ናቸው» የሚለው ግምት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ለአንደኛዋ የሚስማማው ቀን ለሌላዋ ከሳምንት በላይ ይቀድማል። በዚያ ላይ የአንዲት ሴት ዑደት ራሱ ከወር ወር ጥቂት ቀናት ከፍና ዝቅ ሊል ስለሚችል፣ ስሌቱ ግምት እንጂ ቀጠሮ አለመሆኑን ማስታወስ ይገባል።

ደግነቱ ሴቲቱ ራሷ ልታስተውለው የምትችለው ምልክት አለ። ዕንቁላሉ ሊወጣ ሲቃረብ ከማሕፀን በር የሚወጣው ፈሳሽ ይበዛል፤ እንደ ጥሬ ዕንቁላል ውኃ የጠራ፣ የሚያዳልጥና በሁለት ጣቶች መካከል ሲሳብ ቶሎ የማይበጠስ ይሆናል። ዕንቁላሉ ከወጣ በኋላ ፈሳሹ ይወፍራል፤ ይደርቃልም። የሰውነት ሙቀት እንዲሁ ከ0.3 እስከ 0.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ከፍ ይላል፤ ሆኖም ሙቀቱ የሚጨምረው ዕድሉ ካለፈ በኋላ ስለሆነ ለሚቀጥለው ወር ትምህርት ይሆን እንደሆነ እንጂ ለያዝነው ወር አይደርስም። የፈሳሹ ምልክት ግን ቀድሞ ይመጣል፤ ገንዘብም መሣሪያም አይጠይቅም።

ቀን መቁጠር የሚያስጨንቃቸው ባልና ሚስትም ቀላል መንገድ አላቸው። አብረው እስካሉ ድረስ በየሁለት ወይም በየሦስት ቀኑ ቢገናኙ ለሙ ቀን አያመልጣቸውም። «ዘሩ እንዲጠራቀም» ተብሎ ሳምንትና ከዚያ በላይ መታቀብ አይጠቅምም፤ የቆየ ዘር የመንቀሳቀስ ኃይሉ ይደክማልና። ከግንኙነት በኋላ እግርን ሰቅሎ መተኛትም ለመፀነስ የሚያስፈልግ ነገር አይደለም። የሴትን ብልት በውስጥ በኩል በሳሙናም ሆነ በባህል መድኃኒት ማጠብ ግን ከቶ አይመከርም፤ ለኢንፌክሽን ያጋልጣል።

«ዓመት» ስንት ወር ነው?

የሕክምና ሳይንስ «መካንነት» የሚለውን ቃል የሚጠቀመው ባልና ሚስት ያለ እርግዝና መከላከያ ለ12 ወራት በመደበኛነት ግንኙነት እያደረጉ እርግዝና ሲታጣ ነው። ከዚህ ትርጉም ውስጥ ሁሉም «12 ወራት» የሚለውን ይሰማል፤ «በመደበኛነት» የሚለው ግን ይዘነጋል። ለምሥራቅ ደቡብ ጎንደር ገበሬ ትልቁ ጉዳይ ያለው በዚህች በተዘነጋችው ቃል ውስጥ ነው።

ከጉና ተራራ ደጋ አንሥቶ እስከ በሽሎና ዓባይ ሸለቆዎች የሚወርደው የእነዚህ ወረዳዎች መሬት ለዘመናት ታርሶ ተራቁቷል፤ ማሳውም ጠቧል። ጋይንትና ስማዳ በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲ ኔት ፕሮግራም የታቀፉትም በዚሁ ምክንያት ነው። በመሆኑም የአካባቢው ወጣት ወንዶች ክረምት ሲገባ ለአረም፣ መስከረም ሲጠባ ደግሞ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ፣ ወደ ቋራና ወደ ሑመራ ቆላ ሲወርዱ የኖሩ ናቸው።

እስቲ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ትዳር ከያዙ ዓመት የሞላቸውን የስማዳ ባልና ሚስት እናስብ። የሚስት ዑደት 28 ቀን ነው፤ በዓመት 13 ዑደት ይኖራታል ማለት ነው። ባል ሐምሌ 1 ቀን ወደ ቆላ ወርዶ ኅዳር አጋማሽ ላይ ተመለሰ እንበል። ጳጉሜን ጨምሮ 140 ቀናት፣ ማለትም አምስት ዑደቶች አለፉ። እርሱ በተመለሰ ሰሞን የነቢያት ጾም ገባ፤ ይህ ጾም እስከ ገና ዋዜማ 44 ቀናት ያህል ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ዐቢይ ጾም ደግሞ 55 ቀናት አሉት። ሁለቱን አጽዋማት እንደ ሥርዓቱ ከመኝታ ተለይተው ከጠበቁ ሌሎች ሦስት ተኩል ያህል ዑደቶች ሄዱ። የሰኔን ጾም፣ ረቡዕንና ዓርብን ሳንቆጥር እንኳ ከ13ቱ የቀሩት አራት ወይም አምስት ናቸው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ጤናማ ወጣት ባልና ሚስት ለሙን ቀን ባላሳለፉበት በእያንዳንዱ ዑደት የሚኖራቸው የመፀነስ ዕድል ከአምስት አንድ ነው ብለን እንነሣ። ያለመፀነስ ዕድላቸው 0.8 ይሆናል። 0.8ን በራሱ 13 ጊዜ ብናባዛ 0.055 እናገኛለን፤ ማለትም 13ቱንም ዑደቶች ከተጠቀሙ 100 ጤናማ ጥንዶች መካከል በዓመቱ መጨረሻ ያልፀነሱት ስድስት ገደማ ይሆናሉ። አራት ዑደት ብቻ ላገኙት ግን 0.8ን አራት ጊዜ ስናባዛ ውጤቱ 0.41 ነው። ከ100 ጤናማ ጥንዶች መካከል 41ዱ ምንም ጉድለት ሳይኖርባቸው ዓመቱን ያለ እርግዝና ይጨርሳሉ ማለት ነው። ስሌቱ ቀለል ተደርጎ የቀረበ ነው፤ በእውነተኛው ሕይወት ዕድሉ እንደ ዕድሜውና እንደ ጤናው ከጥንድ ጥንድ ይለያያል። መልእክቱ ግን አይለወጥም፤ የእነዚያ 41 ሴቶች «መካንነት» ከማሕፀናቸው ሳይሆን ከቀን መቁጠሪያው የመጣ ነው።

ጾም ይፍረስ፣ ሥራም ይቅር አላልንም። የምንለው ዓመቱ በሐቅ ይቆጠር ነው። አራት ወር አብሮ የኖረ ሰው የሞከረው አራት ወር ነው፤ ዓመት አይባልም። ከዚህም በላይ ባል በአረሙና በአጨዳው መካከል ለአንድ ሳምንት ወደ ቤቱ ብቅ የሚል ከሆነ፣ ያ ሳምንት ከሚስቱ ለም ቀናት ጋር እንዲገጥም አስቀድሞ ተነጋግሮ መቁጠር ይቻላል። የአንዲት ሳምንት ትክክለኛ ምርጫ ያልታሰበበትን የሁለት ወር ቆይታ ልታካክስ ትችላለች።

ከቆላ ስለሚመለሰው ሰው ሌላም ልብ የማይባል ነገር አለ። በወንድ የዘር ፍሬ ውስጥ አንድ የዘር ሕዋስ ተሠርቶ እስኪያልቅ ሁለት ወር ተኩል ገደማ ይፈጃል። የወባ ንዳድን የመሰለ ብርቱ ትኩሳት ይህን ሥራ ያውካል፤ የዘሩ ብዛትና ኃይል ለሁለት ወይም ለሦስት ወር ዝቅ ሊል ይችላል። ስለዚህ በጥቅምት መተማ ላይ ወባ የጣለው ሰው በኅዳር ቤቱ ገብቶ በታኅሣሥ ሚስቱን ሊወቅስ አይገባውም።

ያልተመረመረው ወገን

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ ከስድስት አዋቂዎች አንዱ ያህል በሕይወቱ ውስጥ በሆነ ጊዜ የመካንነት ችግር ይገጥመዋል። ልጅ ካጡ ጥንዶች መካከል በግማሽ ያህሉ ደግሞ የወንዱ ድርሻ አለበት፤ አንዳንዴ ብቻውን፣ አንዳንዴም ከሴቷ ችግር ጋር ተደርቦ። ይህ ሆኖ ሳለ ጠበል የምትጠመቀው እርሷ፣ ሥራሥር የምትጠጣው እርሷ፣ ስለት የምትሳለው እርሷ፣ ሐኪም ቤት የምትመላለሰውም እርሷ ናት።

ለዚህ መድልዎ መነሻ ከሆኑት አንዱ በሁለት ነገሮች መካከል ያለው መምታታት ነው። ብዙዎች የወንድ የወሲብ ብርታት የመውለድ ችሎታው ማረጋገጫ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ብርታቱ ምንም ያልጎደለ ሰው በዘር ፈሳሹ ውስጥ አንድም የዘር ሕዋስ ላይኖረው ይችላል። ፈሳሹን በዓይን አይቶ ይህን መለየት አይቻልም። ከጉርምስና በኋላ የያዘ ጆሮ ደግፍ ወደ ዘር ፍሬ ሲወርድ፣ ያልታከመ ጨብጥ የዘር ማስተላለፊያውን ሲዘጋ፣ በዘር ፍሬ ዙሪያ ያሉ የደም ሥሮች ሲያብጡ፣ ወይም የዘር ፍሬ በልጅነት ሳይወርድ ሲቀር ሰውየው ሕመም ሳይሰማው የመውለድ ችሎታው ሊጎዳ ይችላል። ትንባሆና የአልኮል ብዛትም ዘሩን ያደክማሉ። እንዲህ ያለ ሰው ሚስቱን ፈትቶ ሁለተኛ፣ ከዚያም ሦስተኛ ቢያገባ ሦስቱም ሴቶች በተራ «መካን» ተብለው ይሸኛሉ።

የሚያስቆጨው ምርመራው ከሁሉም ምርመራዎች ቀላሉ መሆኑ ነው። ሴቷን ለመመርመር የደም ሆርሞን መለካት፣ አልትራሳውንድ፣ አንዳንዴም ቱቦው ክፍት መሆኑን የሚያሳይ የራጅ ምርመራ ያስፈልጋል። ለወንዱ ግን በመጀመሪያ ደረጃ የሚያስፈልገው ንጹሕ ዕቃ፣ መቁጠሪያ መስታወትና ማይክሮስኮፕ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተመው የላቦራቶሪ መመሪያ 6ኛ እትም፣ ከወለዱ ወንዶች ተለክቶ እንደ ዝቅተኛ ወሰን የተቀመጠው በአንድ ሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን የዘር ሕዋስ ሲሆን፣ ከእነዚህም መካከል ቢያንስ ከመቶ 42ቱ መንቀሳቀስ ይኖርባቸዋል። ከዚህ ወሰን በታች የሆነ ሁሉ አይወልድም ማለት አይደለም፤ መመርመር ያለበት ማን እንደሆነ ግን ይጠቁማል። የወባን ተሕዋስና የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ የሚያሳየው ማይክሮስኮፕ በየጤና ጣቢያው ላቦራቶሪ የታወቀ መሣሪያ ነው። እንግዲህ የሚጎድለው በአብዛኛው መስታወቱ አይደለም፤ ሥልጠናውና ወንዱን ወደ መስታወቱ የሚያመጣው ድፍረት ነው።

መንገዱ ሲዘጋ

ሁሉም ችግር በቆጠራ አይፈታም። ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች ለሴቶች መካንነት ዋነኛ ከሆኑት ምክንያቶች አንዱ የማሕፀን ቱቦ በኢንፌክሽን ጠባሳ መዘጋት ነው። ጠባሳው የሚመጣው ካልታከመ ጨብጥና ክላሚዲያ፣ እንዲሁም ንጽሕና በጎደለው ሁኔታ ከተፈጸመ ወሊድ ወይም ውርጃ በኋላ ከሚከሰት ኢንፌክሽን ነው። አንድ ጊዜ ወልዳ ሁለተኛ ያጣች ሴት ታሪክ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይጀምራል። ክላሚዲያ ደግሞ በአብዛኛዎቹ ሴቶች ላይ ምልክት ሳያሳይ የሚሠራ በሽታ ነው። ባል ከሄደበት ይዞት የመጣው በሽታ የሚስቱን ቱቦ ዘግቶ፣ በመጨረሻ ተወቃሿ እርሷ ስትሆን ከዚህ የከፋ ግፍ የት ይገኛል? ስለዚህ የአባላዘር በሽታ ሲታከም ሁለቱም አብረው መታከም አለባቸው።

ስለ ላይ ጋይንት ስንጽፍ ደግሞ በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ጦርነቱ ንፋስ መውጫ ከተማ ሲደርስ በሴቶች ላይ የተፈጸመውን ማለፍ አንችልም። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ በከተማዋ የተደፈሩ ሴቶችን ምስክርነት አቅርቧል። ጥቃት የደረሰባት ሴት ፈጥና ሕክምና ካላገኘች ጉዳቱ ለዓመታት ተደብቆ በልጅ ማጣት ሊገለጥ ይችላል። እንዲህ ያለችውን ሴት «መካን» ብሎ መጥራት በቁስል ላይ ቁስል መጨመር ነው።

በአንጻሩ ያለ ጥፋቱ የሚከሰስ ነገርም አለ፤ እርሱም የእርግዝና መከላከያ መርፌ ነው። በየሦስት ወሩ የሚሰጠው መርፌ መካን አያደርግም። መርፌው ከቆመ በኋላ ግን ዕንቁላል መውጣት እስኪጀምር ይዘገያል፤ ከሌሎች መከላከያዎች ጋር ሲነጻጸር በአማካይ አራት ወር ያህል ተጨማሪ ጊዜ ይወስዳል። በክንድ ውስጥ የሚቀበረው መከላከያ ሲወጣ ግን የመፀነስ ችሎታ ወዲያውኑ ይመለሳል። በሚቀጥለው ዓመት ልጅ ለመውለድ ያሰበች ሴት ይህን ልዩነት ቀድማ ብትሰማ ኖሮ ስንት ሐሜት በቀረ ነበር!

«ይህም ችግር ሆኖ ነው?»

አንዳንድ አንባብያን መሬት በጠበበበት፣ እህል በሚታጠርበት አካባቢ ስለ መውለድ ማሰብ ቅንጦት ነው ይሉን ይሆናል። ክርክሩን በቁም ነገር እንወስደዋለን። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው በአማራ ክልል አንዲት ሴት በሕይወት ዘመኗ የምትወልዳቸው ልጆች አማካይ 3.7 ነበር። ነገር ግን አማካይ ቁጥር ሰባት የወለደችውንና ምንም ያልወለደችውን ደምሮ የሚያካፍል ነው፤ የአንደኛዋ ብዛት የሌላዋን ዕንባ አያብስም። የቤተሰብ ምጣኔ ትርጉሙም ባልና ሚስት ልጅን በሚፈልጉበት ጊዜና ቁጥር ማግኘት ነው። ላለመውለድ የሚረዳው ዕውቀትና ለመውለድ የሚረዳው ዕውቀት አንድ ነው፤ ሁለቱም ያንኑ ስድስት ቀን ይቆጥራሉ። እኛ እስካሁን ያስተማርነው ግማሹን ብቻ ነው።

ረኃብና መካንነትም የተለያዩ ጉዳዮች አይደሉም። ሰውነት ስንቁ ሲያልቅበት አስቀድሞ ከሚያቆማቸው ሥራዎች አንዱ ዕንቁላል ማውጣት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 ክረምት ሆላንድ በተራበች ጊዜ የብዙ ሴቶች የወር አበባ ተቋርጦ ነበር፤ ከዘጠኝ ወር በኋላም የሚወለዱ ሕፃናት ቁጥር በእጅጉ አሽቆለቆለ። በክፉ ቀን ከስታ የወር አበባዋ የጠፋ የጋይንት ሴት የሚያስፈልጋት በመጀመሪያ ምግብ ነው።

ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ ትምህርት ቤት። የሥነ ተዋልዶ ትምህርት ሥዕል አስጠንቶ ስም ከማስሸምደድ አልፎ ቆጠራን ያስተምር። «ዑደቷ 31 ቀን የሆነ ሴት ለም ቀኖቿ የትኞቹ ናቸው?» የሚለው ጥያቄ ለወንዱም ለሴቷም ተማሪ ይቅረብ። መልሱ ከ12ኛው እስከ 17ኛው ነው።

ሁለተኛ የጤና ኤክስቴንሽን። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው ይህ ፕሮግራም የጤናን ቃል ወደ ገጠር ደጃፍ አድርሷል። መከላከያ የምትፈልገውን ሴት የምታማክረዋ ባለሙያ ልጅ የምትፈልገውንም እንድታማክር ትታገዝ። ምክሩ አጭር ነው፦ ለሙን ቀን ቁጠሩ፤ ሴቷ ከ35 ዓመት በታች ከሆነች ከአንድ ሙሉ የአብሮነት ዓመት በኋላ፣ 35 ከሞላት ደግሞ ከስድስት ወር በኋላ ሁለታችሁም አብራችሁ ቅረቡ፤ የወር አበባ ከቀረ ወይም እጅግ ከተዛባ ግን ቀን አትጠብቁ። በዚህ ላይ ፎሊክ አሲድ ይጨመር። የፅንሱ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር መሠረት የሚዘጋው በተፀነሰ በ28ኛው ቀን ገደማ፣ ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን ገና ሳያውቁ ነው። ስለዚህ በቀን 0.4 ሚሊ ግራም ፎሊክ አሲድ መውሰድ የሚጀመረው ከእርግዝናው ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ መሆን አለበት። ነፍሰ ጡር ከሆኑ በኋላ የሚጀመረው ለዚህ ጉዳይ ይዘገያል።

ሦስተኛ ሕክምናው ወደ ሕዝቡ ይቅረብ። ከሴት አካል ውጭ በተደረገ ፅንሰት የመጀመሪያዋ ሕፃን ሉዊዝ ብራውን በእንግሊዝ አገር የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። በአገራችንም በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅ ይህን ሕክምና የሚሰጥ ማዕከል ተከፍቷል። ይሁን እንጂ ከወገዳ ወይም ከአርብ ገበያ ለሚነሣ ገበሬ አዲስ አበባ ሩቅ ናት። የብዙዎች ችግር ግን እስከዚያ ድረስ የሚያደርስ ላይሆን ይችላል፤ የዘር ፈሳሽ ምርመራና የኢንፌክሽን ሕክምና በየወረዳው ቢገኝ ጉዞው ለሚያስፈልጋቸው ብቻ ይቀራል።

አራተኛና የመጨረሻው ጥሪያችን ለሽማግሌዎችና ለንስሐ አባቶች ነው። በልጅ ማጣት ምክንያት ፍቺ ሲቀርብላችሁ ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ ስንት ወር አብራችሁ ኖራችሁ? ባልስ ተመርምሯል? ቤተ ክርስቲያን የምትተርከው የኢያቄምና የሐና ታሪክም ይህንኑ ያግዛል፤ ሁለቱም አብረው አዘኑ፣ ሁለቱም አብረው ለመኑ። አንደኛው ሌላውን አልሸኘም።

ቆጠራውም ምርመራውም ተደርጎ ልጅ የማይገኝበት ጊዜ መኖሩን አንክድም። እቴጌ ጣይቱ ብጡል ልጅ አልወለዱም፤ ነገር ግን አዲስ አበባን የሰየሙ፣ ወደ ዓድዋ የዘመቱ ንግሥት ናቸው። አንዲት ሴት ሙሉ ሰው ለመሆን መውለድ አይጠበቅባትም። የጡት ልጅም ሆነ ጉዲፈቻ በባህላችን የታወቁ የክብር መንገዶች ናቸው።

ይህን የምታነቡ ተማሪዎች በሚቀጥለው ክረምት ወደየቀያችሁ ስትመለሱ «እከሌ እኮ መካን ናት» የሚል ወሬ መስማታችሁ አይቀርም። ያን ጊዜ ዝም ብላችሁ አትለፉ። ወረቀትና እርሳስ አውጡ፤ ባል ቤት የነበረባቸውን ወራት ቁጠሩ። ከ13 ዑደቶች ስንቱ እንደቀረ ለተናጋሪው አሳዩት።